ከራስጌው ማን ነበር?

ጡረታ ወጣሁ ካልሁም በኋላ በኮንትራት ስሠራ ኖሬ፣ ጉልበቴ እምቢ ሲለኝ ለይቶልኝ ቤት ገባሁ። በዚያው ሰሞን ሰላም የምትባለው የእህቴ የልጅ ልጅ ልትጠይቀኝ መጣች። የሕክምና ትምህርቷን ልትጨርስ ጥቂት ነው የቀራት። ገና ወንበሩ ላይ ሳትደላደል ስልኳን አውጥታ ለስፔሻሊቲ የምታመለክትበትን ዕቅድ ታስረዳኝ ገባች። የትኛው ክፍል ፉክክሩ እንደሚቀል፣ የትኛው መምህር ደህና ድጋፍ እንደሚጽፍላት፣ ቃለ መጠይቅ ላይ «ለምን ይህን መረጥሽ?» ቢሏት ምን ብትመልስ እንደሚያምርላት፣ ሁሉንም አስባ ጨርሳለች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝና፣ «አባባ፣ እርስዎ ግን አንስቴዥያን እንዴት መረጡ? በእርስዎ ጊዜ እኮ የፈለጉትን መሆን ይችሉ ነበር» አለችኝ።

በጨዋታ አሳለፍኋት። እሷ ስትሄድ ግን ጥያቄዋ እኔ ዘንድ ቀረ። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሳስተኛና ሳነቃ ኖሬ፣ ይህን ሥራ እንዴት እንደያዝሁት በቅጡ ተናግሬ አላውቅም። ለመናገር ስሞክር አሁንም ክው እላለሁ፤ ይህን ያህል ዘመን አልፎ ድንጋጤው አለመብረዱ ራሱ ይገርመኛል።

እኔም በእሷ ዕድሜ ዕቅድ ነበረኝ፤ እንዲያውም ከእሷ እብስ ነበር። በስድሳዎቹ መጀመሪያ፣ በጃንሆይ ዘመን፣ ስፔሻሊስት ልሁን ያለ ሰው ተወዳድሮ ወደ ውጭ መሄድ ነበረበት። የእኔ ምርጫ ቀዶ ጥገና ነበር፤ ሌላ ነገር በሐሳቤ ዞሮ አያውቅም። የአንድ የታወቁ ቀዶ ሐኪም ድጋፍና በራሴ እጅ የሠራሁት ኦፕራሲዮን ካለኝ ማን ይቀድመኛል ብዬ አሰላሁ። ስለዚህ በትምህርታችን መሐል ለአገልግሎት ወደየጠቅላይ ግዛቱ ስንመደብ፣ ጓደኞቼ አስመራና ሐረር ይድረሰን ብለው ሲጸልዩ እኔ ፍኖተ ሰላም ላኩኝ ብዬ ለመንሁ። መዳቢው ሰውዬ የሰማውን ማመን አቅቶት ደግሞ ጠየቀኝ።

ፍኖተ ሰላም ዶክተር በላቸው ነበሩ። ባሕር ማዶ ተምረው የተመለሱ፣ ትልቅ ከተማ መቀመጥ ሲችሉ በፈቃዳቸው ወደ አገራቸው የወረዱ ቀዶ ሐኪም ናቸው። ሐኪም ቤቷ ወደ ላህ ወንዝ በሚወርደው መንገድ ዳር ያለች ትንሽ ቤት ነበረች፤ ዛሬ የለችም። የሚሰጠኝ አበል ከቤት ኪራይና ከወጥ አያልፍም፤ ያኔም አላስጨነቀኝም።

በመጣሁበት ቀን፣ የመንገዱ አቧራ ሳይራገፍልኝ፣ ዕቅዴን ከሀ እስከ ፐ ዘረገፍሁላቸው። ከጋዋናቸው ኪስ ቆሎ እየዘገኑ አዳመጡኝ። ስጨርስ የሐር ክር አውጥተው ሰጡኝና የወንበሩን እግር እያሳዩ «እሰር» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ያንን ክር በቀኝ እጅ፣ በግራ እጅ፣ ሳላይ፣ እያወራሁ፣ የቋጠሮውን ስም እየጠራሁ ቋጠርሁ። የሐኪም ቤቱ ወንበር ሁሉ እግሩ ጥቁር ጢም አበቀለ። አንዲት ባልቴት ክታብ መስሏት ተሳልማው ነበር፤ ዶክተሩ ሳቃቸውን ዋጡ።

በሽተኛ ሆድ ከመንካታቸው በፊት ዕቃ ከሚቀቀልበት ምድጃ ዘንድ ሄደው እጃቸውን ያሞቃሉ። ቀዝቃዛ እጅ ሲያርፍበት ሆድ ይኮማተራል፤ ከዚያ ያገኘኸው ጥንካሬ የበሽታው ሳይሆን የራስህ እጅ ሥራ ነው ይሉኝ ነበር። ሌላም ልማድ ነበራቸው፤ ይኸኛውን መጀመሪያ ላይ እንደ እብደት ነበር የቆጠርሁት። እኛ እጅ ላይ ሰው ከሞተ ለቅሶ ይደርሳሉ። አገሩ ቢርቅ በበቅሎ ይሄዳሉ። «ቢደበድቡዎትስ?» ብላቸው፣ እስካሁን ያገኘኋቸው ሁሉ ንፍሮ ነው የሰጡኝ አሉኝ።

በገበያ ቀን በላንድሮቨር ቡሬ እንወርድ ነበር። የምናክምባት ክፍል ከበርበሬ ተራው ጎን ስለሆነች በሽተኛውም እኛም እኩል እናስነጥሳለን፤ የማን ሳል የሳንባ፣ የማን የበርበሬ እንደሆነ ለመለየት ሰውየውን ከገበያው አርቆ ማስቀመጥ ያስፈልግ ነበር። ዲያቆን ልየውን ያገኘሁት እዚያ ነው።

ልየው ከወምበርማ፣ ከሽንዲ ወዲህ ካለ ደብር ነበር የመጣው። አባቱ የኔታ አንማው የታወቁ የዜማ መምህር ናቸው። ልጁ ረዘም ያለ፣ ተጫዋች፣ ድምፁ መልካም ጎልማሳ ነበር። ታጭቶለታል፤ ሲያገባ ቅስና ሊቀበል ነው። ችግሩ ቡአ ነው። ማሕሌት ቆሞ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ብሽሽቱ ላይ ያለው እብጠት ይወጣል፤ በነጠላው ሸፍኖ በአንድ እጁ እየደገፈ በሌላው ጸናጽል ይዞ ያድራል። ይህን ራሱ እያሳየ ሲነግረን በራሱ ይስቅ ነበር። ዶክተር በላቸው መረመሩትና ወደ እኔ ዞረው፣ ይኼ ያንተ ነው አሉኝ።

ደስታዬን መናገር አልችልም። ወጣት ነው፣ ጤነኛ ነው፣ ቡአው ቀላል ነው፤ ለማመልከቻዬ ከዚህ የተሻለ የመጀመሪያ ኦፕራሲዮን ከየት ይመጣል? ልየው አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ። ሲድን እንደ ሰው ማሕሌት መቆም ይችል እንደሆነ ሊያውቅ ፈለገ። እስኪነጋ ትቆማለህ አልሁት።

አባትና ልጅ ከቡሬ በጭነት መኪና ፍኖተ ሰላም ገቡ። በዋዜማው ዶክተሩ ከዚህ በኋላ እህልም ውሃም እንዳይቀምስ አዘዙ። የኔታ አንማው ፈገግ አሉ። «ይኸንንስ ለኛ ተዉት» አሉ፤ «መጾም ሥራችን አይዶለም?»

ጠዋት የቀዶ ክፍሉ ድሬሰር አቶ ውበቴ፣ እህል ውሃ ቀምሰሃል ወይ ብለው ጠየቁት። እኔም ጠየቅሁት። ዶክተሩም ጠየቁት። ለሦስታችንም ከትናንት ጀምሮ ምንም አልቀመስሁ አለን።

በጀርባ የሚሰጠው ማደንዘዣ ካለቀ ሰንብቶ ስለነበር በኤተር፣ በትንፋሽ በሚሰጠው ማደንዘዣ፣ ነበር የምንሠራው። ነገሩ ቀላል ይመስላል። በሽቦ የተሠራች ጭንብል በሻሽ ትሸፈንና አፍና አፍንጫ ላይ ትደረጋለች፤ ሻሹ ላይ ኤተር ጠብ ጠብ ይደረጋል። ከራስጌው ቆመው የሚያደርጉት አቶ ውበቴ ብዙ ዓመት የሠሩበት፣ እጃቸው የማይንቀጠቀጥ ሰው ነበሩ። ልየው ጭንብሉ ሥር ሆኖ ለራሱ እያንጎራጎረ ነበር፤ ዜማው እየተጎተተ፣ እየተጎተተ ሄዶ ጠፋ።

ቆዳውን ከፈትሁ። ዶክተሩ ከወዲያ ማዶ ሆነው ይዘውልኛል። የቡአውን ከረጢት አገኘሁት፤ ከዙሪያው ሥጋ በጣቴ ቀስ እያልሁ ለየሁት። «ደህና ነው» አሉኝ። ከእሳቸው አፍ ይህ ብዙ ነው። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያች ቅጽበት ደስ ብሎኝ አያውቅም።

በጉሮሮ ውስጥ ውሃ ሲንተከተክ የሚሰማ ድምፅ ሰማሁ። አቶ ውበቴ፣ «ዶክተር» አሉ። ቀና ስል ከልየው አፍና አፍንጫ ውሃ ይፈስሳል። ምግብ አይደለም፤ ኩልል ያለ ውሃ ነው፤ ብዙ ነው። ዶክተሩ ጠረጴዛውን ከራስጌው ቁልቁል አዘነበሉት፣ ፊቱን ወደ ጎን አዞሩት፣ በእግር በሚረገጠው መምጠጫ መጠጡ፣ አፋቸውን አፉ ላይ አድርገው ተነፈሱለት፣ ደረቱን ተጫኑ። ከንፈሩ እንደ ኑግ ጠቆረ። ደጋግመን ሞከርን። ልቡ ቆመ።

እኔ ከቦታዬ አልተነቃነቅሁም። ከረጢቱን በመቆንጠጫ እንደያዝሁ ነበርሁ። ሁሉም ካለቀ በኋላ ዶክተሩ ወደ እኔ መጥተው ጣቶቼን አንድ በአንድ ፈለቀቋቸው።

ያ ሁሉ ውሃ ከየት መጣ? ዶክተሩ ወለሉ ላይ የፈሰሰውን ጎንበስ ብለው አዩ። ውስጡ አመድ የመሰለ ደቃቅ ነገር ነበረበት። በጣታቸው ነክተው አሸት አደረጉትና፣ «እምነት ነው» አሉ። ጠበል ሲጠጣ የሚበጠበጠው የቤተ ክርስቲያን እምነት። ከዚያ በጋዋናቸው እንዳሉ ግድግዳውን ተደግፈው መሬት ተቀመጡ።

ልየው አልዋሸንም። ጠበል የሚጠጣው በማለዳ፣ በባዶ ሆድ ነው፤ ጠጥቶ ጾም ፈታሁ የሚል ሰው የለም። ሦስታችንም ጠበል እየጠጣን ያደግን ሰዎች ነን። እኔን እናቴ ማልዳ ቀስቅሳ ሆዴ እስኪነፋ ታጠጣኝ ነበር፤ በዚያን ሰዓት አንድ ሰው እህል ውሃ ቀምሰሃል ወይ ቢለኝ እኔም አልቀመስሁም ነበር የምል። ባዕድ ብንሆን አለማወቃችን አይደንቅም። የራሳችንን ነገር ነው ያላሰብነው። ይህ ነው ያስደነገጠኝ፤ ይህ ነው ዛሬም የሚያስደነግጠኝ።

ስንወጣ የኔታ አንማው ከደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ዳዊት ይደግማሉ። አጠገባቸው ባዶ ቅል አለ። ዶክተሩ ጎንበስ ብለው መሞቱን ነገሯቸው፤ ስለ ውሃው አላነሡም። የኔታ ዳዊታቸውን አጠፉ። ልጃቸውን በእጃቸው ለማጠብ ብቻ ፈቃድ ጠየቁ።

ለቅሶ ሄድን። ከቡሬ ወዲያ በበቅሎ ነበር። ሕዝቡ ይሰድበናል ብዬ ስፈራ፣ ተነሥቶ ቦታ ለቀቀልን። የልየው እናት ወይዘሮ ጥሩነሽ ድምፃቸው ተዘግቶ፣ እብጠት ያለበት ሆዳቸውን በመቀነት አስረው ጥግ ተቀምጠዋል። የኔታ አጠገባቸው አስቀመጡንና እንዲህ አሉ፦

«አንድ ነገር ያጽናናኛል። በማለዳ ጠበሉን በጄ አጠጥቸው ነው የገባ። ሳይባረክ አልሄደም።»

ዶክተር በላቸውን አየኋቸው። መሬት መሬት ያያሉ።

ስንመለስ መንገድ ላይ ተጣላኋቸው። መንገር አለብዎት፣ ነገ ከዚያው ደብር ሌላ ሰው ጠጥቶ ይመጣል አልሁ። እንግዲህ ጠበልም ጠጥተሃል ወይ እያልን እንጠይቃለን አሉኝ። ለየኔታስ? ስላቸው በቅሏቸውን ቀድመው ነዱ።

የማመልከቻው ወረቀት የደረሰኝ በዚያው ሰሞን ነው። ዶክተሩ ድጋፋቸውን ጽፈው አስቀምጠውልኛል፤ የሙያ ምርጫ የሚለው ቦታ ብቻ ባዶ ነው። ቀዶ ጥገና ብዬ መጻፍ አቃተኝ። ክር ስይዝ ጣቶቼ አይታዘዙኝም። ትምህርቱን ትቼ ጽሕፈት ቤት ልቀጠር፣ አስተማሪ ልሁን፣ የማልለው አልነበረም። ዶክተሩ ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ እያዩት ያልፋሉ፤ የጊዜ ገደቡ እየቀረበ ነው።

ክረምቱ ከመግባቱ በፊት የኔታ አንማው ደጃችን ላይ ታዩ። ያን ቅል በትከሻቸው አንጠልጥለዋል። ባለቤታቸውን ወይዘሮ ጥሩነሽን በቃሬዛ አስይዘው ነው የመጡት። ሆዳቸው ውስጥ ለዓመታት የተሸከሙት ዕጢ መተንፈስ ከልክሏቸዋል። ልጃቸው የሞተበት ቤት ድረስ ሚስታቸውን ይዘው መጡ። ሌላ ቦታ ይወስዳሉ ብዬ ነበር የማስበው።

ዶክተሩ እጃቸውን አሙቀው መረመሯቸው። ነገ መውጣት አለበት አሉ። ከዚያ ትእዛዙን መስጠት ነበረባቸው፤ መሸሸጊያም አልነበራቸውም።

«ከዚህ በኋላ እህልም ውሃም አይቅመሱ» አሉ። ቅሉን አዩና፣ «ጠበልም» አሉ።

የኔታ ቀና አሉ። «ጠበልም?»

«ማደንዘዣው ሆድ ውስጥ ያለውን ውሃ ወደ ላይ ይመልሰዋል፣ የኔታ። የተኛ ሰው መዋጥም ማሳልም አይችልም። ወደ ሳንባ ይገባል።»

የኔታ ቅሉን ከትከሻቸው አወረዱ። የሚያስቀምጡበት የጠፋቸው ይመስል በሁለት እጃቸው ያዙት።

«ልየው ጠጥቶ ነበር» አሉ።

«አዎን። ጠጥቶ ነበር።»

«እንግዲያ በኔ እጅ ነው የሞተ።»

«በእኛ እጅ ነው የሞተ። እርስዎ ያደረጉት አባት የሚያደርገውን ነው። መጠየቅ የእኛ ሥራ ነበር፤ አልጠየቅንም።»

ወይዘሮ ጥሩነሽ ከአልጋው ላይ፣ ለቅሶ ቤት ስትቀመጡ ታውቁ ኖሯል አሉ፤ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር። ዶክተሩ አውቅ ነበር፣ አፌ እምቢ አለኝ ብለው መለሱ። እንባቸው ወረደ። እኚያን ሰው ሲያለቅሱ አይቼ አላውቅም ነበር፤ ምን እንደማደርግ ጠፍቶኝ የበሩን መቃን ይዤ ቆምሁ። አሁን ተነሥተው ይሄዳሉ፣ ሴትዮዋም መንገድ ላይ ይሞታሉ ብዬ ደመደምሁ።

የኔታ ግን ወደ እኔ ዞሩ።

«ከራስጌው ማን ነበር?»

«አቶ ውበቴ ነበሩ» አልሁ።

«አንተስ ወዴት ነበርህ?»

«ከወገቡ በኩል። ቁስሉን ነበር የማይ።»

«ፊቱን አላየኸውም?»

«አላየሁትም፣ የኔታ።»

በእኛ ዘንድ ሰው ሲያጣጥር ከራስጌው ሰው ይቀመጣል፤ ፊቱን ሳያዩ አይሸኙትም። ሊረግሙኝ ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

«እንግዲያ የሷን እይ» አሉኝ። «ነገ ከራስጌዋ አንተ ቁም። ዓይንህን ከፊቷ እንዳታነሣ።»

በነጋታው የኔታ ጠበሉን አላጠጧቸውም። ግንባራቸውንና እጃቸውን ረጩላቸው፤ ዶክተሩም ከእሳቸው ቀጥለው ጎንበስ ብለው ተረጩ። ጭንብሉን አቶ ውበቴን ጠየቅኋቸው። ሰጡኝና ከኋላዬ ቆሙ።

ጠብታ አደርጋለሁ፤ ትንፋሻቸውን አዳምጣለሁ። በትንሿ ጣቴ ከመንጋጋቸው ሥር የደም ሥራቸውን ይዣለሁ፤ በሌሎቹ ጣቶቼ መንጋጋቸውን ወደ ፊት ስቤያለሁ። ከንፈራቸው ትንሽ ሲደበዝዝ ጭንብሉን አነሣለሁ፤ ሽፋሽፍታቸው ሲርገበገብ እጨምራለሁ። ልየው የመሰለው እናቱን ነበር፤ ይህን ያወቅሁት እዚያ ሆኜ ነው። ከወደታች መቀስ ሲቀባበሉ፣ ዶክተሩ ሲያቃስቱ፣ አንድ ነገር ሳፋ ውስጥ ሲወድቅ ሰማሁ። ዱባ የሚያህል ነው ብለው ሲያወሩም ሰማሁ። አላየሁም።

ወይዘሮ ጥሩነሽ ሲነቁ መጀመሪያ ያዩት እኔን ነው። «ጨረሳችሁ?» አሉኝ። ራሴን ነቀነቅሁ።

ማመልከቻውን በዚያው ሳምንት ሞላሁት። ዶክተር በላቸው የጻፍሁትን አይተው፣ ያን ያህል ወንበር በክር ያስቋጠርሁህ ለዚህ ነው? ብለው አጉረመረሙ፤ ከዚያ ድጋፋቸውን ቀደው እንደ አዲስ ጻፉልኝ። አዲስ አበባ ቃለ መጠይቅ ላይ ከመርማሪዎቹ አንዱ፣ ይህን ማንም አይመርጠውም፣ አንተ ለምን መረጥህ ብሎ ጠየቀኝ። የተዘጋጀሁበት ያማረ መልስ ነበረኝ፤ አፌ ላይ አልመጣም። አንድ ሰው ሲሞት ፊቱን ሳላየው ቀርቻለሁ አልሁት። ሌላ ጥያቄ አልጠየቁኝም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ አገር፣ ብዙ ሐኪም ቤት ሠራሁ። ጠበል ጠጥተሃል ወይ ስል የሚስቁብኝ ወጣት ሐኪሞች ነበሩ፤ አዎን የሚል በሽተኛ ሲገጥማቸው ሳቃቸው ይቆማል። ቀዶ ሐኪሞቹ ጉድ የሚያሰኝ ነገር ሲያወጡ ከፍ አድርገው እያሳዩ «ና፣ እየው እንጂ» ይሉኛል። ዘመኔን ሙሉ አንድም ቀን ቀና ብዬ አላየሁም።